የሦስት ወር የእንጨት ሥራ ሥልጠና፦ ለጀማሪ የትኛውን በር ይከፍታል?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የሦስት ወር የእንጨት ሥራ ሥልጠና ነው። የማሠልጠኛውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ከማነሣቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ በዚያ ግቢ ብቻ የሚታዩ ሳይሆኑ፣ ተመሳሳይ ሥልጠና በሚሰጡ ሌሎች ቤቶችም አንባቢን ሊያጋጥሙት የሚችሉ ናቸውና። ወደ ሥልጠናው የገባሁት በአንድ የቤት ዕቃ አምራች ድርጅት ሒሳብ ክፍል ለዓመታት ከሠራሁ በኋላ ሲሆን፣ ደረሰኝ ስቆርጥለትና ደመወዝ ስከፍልበት የኖርኩትን ሥራ በእጄ ለማወቅ ፈልጌ ነበር። ስለዚህ ሥልጠናውን የመዘንኩት አንድም እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ አንድም ሙያተኛ ሲቀጠርና ሲሰናበት በቅርብ እንዳየ ሰው ሆኜ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሥልጠናው በሦስት ወር ሙያተኛ አያደርግም፤ ያደርጋል ብሎ የሚመዘገብ ሰው ቅር ይለዋል። ነገር ግን አናጺ፣ የካቢኔት ሠራተኛ፣ ቀለም ቀቢና የሳይት ባለሙያ ኑሯቸውም ሥራቸውም ምን ያህል እንደሚለያይ ለጀማሪ በተግባር በማሳየት ረገድ ከከፈልኩት ገንዘብ በላይ ጠቅሞኛል። ዋናው ድክመቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ካሳየ በኋላ ሠልጣኙን በሙሉ ወደ አንዱ ዘርፍ ብቻ መግፋቱ ነው።

የሥልጠናው አደረጃጀት እንዲህ ነው። ሠልጣኞች በትናንሽ ቡድኖች ተከፍለው በአራት ክፍሎች ይዘዋወራሉ፦ በጥሬ እንጨት ሥራ፣ የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጨምቆ በሚሠሩት ገበታዎች ማለትም በኤምዲኤፍና በቺፑድ ሥራ፣ በቀለምና ቫርኒሽ ቅብ፣ በመጨረሻም በሕንፃ ግንባታ ላይ በሚሠራ የአናጺነት ሥራ። አንድ ሰርኩላር መጋዝ፣ አንድ ፕላነር (የመላጊያ ማሽን)፣ አንድ ባንድ ሶው (ባለ ቀበቶ መጋዝ)፣ በገበታ ጠርዝ ላይ ልባስ የሚለጥፍ አንድ የኤጅ ባንዲንግ ማሽንና ጥቂት ራውተሮች (እንጨት የሚቦረቡሩ የእጅ ማሽኖች) ለሁሉም ይዳረሳሉ። ማሽኖቹ አዲስ ባይሆኑም በደንብ የተያዙ ናቸው፤ ቢላዎቹ በየጊዜው ይሳላሉ፣ ሰጋቱራውም በየማታው ተጠርጎ ይወጣል። ትልልቆቹ ማሽኖች በስሪ ፌዝ፣ ማለትም ለትልልቅ ሞተሮች በሚውለው ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ፣ የሚሠሩ በመሆናቸው መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማሉ፤ ይህ ግን እንደ ጉድለት ከሚቆጠር ይልቅ ለትምህርቱ በረከት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ዋናው አሠልጣኝ ሠልጣኞችን አሰናብተው ከመቀመጥ ይልቅ የእጅ መሣሪያ ያስወጡና መላጊያና መሮ አሳሳል ያስተምሩ ነበር። እኚህ ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ በወጣትነታቸው ተግባረ ዕድ የተማሩ፣ ትንሽ የሚነጫነጩ ግን ጥያቄ የማይሰለቻቸው መምህር ናቸው። የዚህ ሥልጠና ዋጋ ግማሹ እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ረዳቶቻቸው የእሳቸውን ያህል አያስረዱም።

የመጀመሪያው ክፍል፣ የጥሬ እንጨቱ፣ ለጀማሪ በጣም አድካሚውና በጣም አስተማሪው ነው። መምህሩ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቁራጭ ዋንዛ ሰጥተው በእጅ መላጊያ ፊቱን እንድናቀና አዘዙን። መላጊያው የእንጨቱን ክር ተከትሎ ሲሄድ ፍቅፋቂው ረጅምና ቀጭን ሆኖ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ድምፁም የተስተካከለ ነው፤ ቁራጩን አዙረን በተቃራኒው ስንገፋ ግን መላጊያው መንከስ ይጀምራል፣ ፊቱንም እየቦጨቀ ይሄዳል። «አያችሁ፣ እንጨቱ ነግሯችኋል፤ ከእሱ ጋር አትጣሉ፣ አዙሩትና ግፉ» አሉን። ይህንን በማሽን ብቻ የተማረ ሰው ዘግይቶ ነው የሚገነዘበው፤ ፕላነሩ ቦጭቆ ሲያወጣበት ቢላው ደንዝዟል ብሎ ያስባል እንጂ ጣውላውን አዙሮ ማስገባት ትዝ አይለውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስለ እርጥበት የተሰጠው ትምህርት ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን፣ በስፋቱ ግን በሚታይ መጠን ይጠብባል፤ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚቀንሰው ደግሞ ከግንዱ መሐል ወደ ውጭ ባለው አቅጣጫ ከሚቀንሰው በግምት እጥፍ ነው። ጣውላ እንደ ገንዳ የሚጎብጠው፣ በክረምት ነሐሴ ላይ አልዘጋ ያለ በር በጥር ላይ ከጉበኑ ርቆ የሚወዛወዘው በዚህ ምክንያት ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውል እንጨት የእርጥበት መጠኑ ከ8 እስከ 12 በመቶ ባለው መካከል ሊሆን ይገባል፤ በጥላ ሥር እየተደረደረ በነፋስ የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚባለው የሙያተኞች ግምትም ከዚህ የመጣ ነው። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ መሰንጠቅና መጠማዘዝ ከሚያበዙት እንጨቶች አንዱ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት መሥሪያ እጥረትን እንዲያቃልል ገብቶ አገሩን የሞላው ይህ ዛፍ ለአጣናና ለሞራሌ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ሳይደርቅ ጠረጴዛ የሠራበትን ሰው ግን ያሳፍራል።

መጋጠሚያ ማዘጋጀትም በዚህ ክፍል ይሰጣል። የአንዱን እንጨት ጫፍ ምላስ አድርጎ በሌላው ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ሲሆን፣ የምላሱ ውፍረት የእንጨቱን ውፍረት ሲሶ ያህል እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያ ከወፈረ የጉድጓዱ ግድግዳዎች ይሳሳሉ፤ ከቀጠነ ምላሱ ራሱ ይሰበራል። ልኩን የመታ ምላስ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ግን ዕቃው ተገልብጦ ሲያዝ የማይወድቅ ነው። መዶሻ የሚያስፈልገው ከሆነ ኮላው ሁሉ ተጠርጎ ይወጣና ደረቅ መጋጠሚያ ይቀራል።

በዚህ ክፍል ላይ ያለኝ ቅሬታ ጊዜው ማጠሩ ነው። ከሦስቱ ወራት ውስጥ ለጥሬ እንጨት የተመደበው ጥቂት ሳምንት ብቻ በመሆኑ፣ አብዛኛው ሠልጣኝ አንድ በርጩማ እንኳ ከመጨረሱ በፊት ወደሚቀጥለው ክፍል ይሸጋገራል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የእንጨቱ ውድነት ሲሆን፣ ምክንያቱ ውሸት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ በደኖች ውስጥ እንዳይቆረጡ ከከለከለ ወዲህ በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው የአገር ውስጥ ጠንካራ እንጨት በአብዛኛው ከገበሬ ማሳና ከግቢ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይንራል። ቢሆንም መጋጠሚያ ለመለማመድ ዋንዛ የግድ አይደለም። በየመንገዱ ዳር የተተከለው ግራቪሊያም ሆነ የፈረንጅ ጽድ ለዚህ በቂ ነው፤ ማሠልጠኛው ይህን ቢያደርግ ሠልጣኙም የተሟላ ዕቃ ይዞ ይወጣ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል የማሠልጠኛው ኩራት ነው፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። የኤምዲኤፍ ሥራ ከጥሬ እንጨት ሥራ ፈጽሞ የተለየ ጠባይ አለው። ክር የለውም፣ አይጎብጥም፣ ወቅት አይቀያይረውም፤ በምትኩ ግን ልክን አይምርም። ጥሬ እንጨት ትንሽ ቢዛነፍ በመላጊያ ይስተካከላል፤ ላዩ ሜላሚን በሚባል ጠንካራ ልባስ የተለበጠ ኤምዲኤፍ በ2 ሚሊሜትር ቢዛነፍ ግን የሚላግ ነገር ስለሌለ ቁራጩ ይጣላል። ስለዚህ ሥራው ከመጋዙ በፊት በወረቀት ላይ ያልቃል።

ይህን በደንብ ያየሁት መሳቢያ ስንሠራ ነው። በጎንና በጎኑ የሚገጠመው የብረት ሐዲድ በየጎኑ 13 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይፈልጋል። የካቢኔቱ የውስጥ ስፋት 60 ሳንቲሜትር ከሆነ የመሳቢያው ሳጥን የውጭ ስፋት 57.4 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት ማለት ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ከሰፋ መሳቢያው እስከ ግማሽ ይገባና ይጣበቃል፤ ከጠበበ ደግሞ ሐዲዱ ከመስመሩ ይወጣና ሲሳብ ይንቋቋል። አሠልጣኙ ሆን ብለው ሠልጣኞቹን ሳያስጠነቅቁ እንዲለኩ ፈቀዱ፤ ከዚያም ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያስገቡ የትኛው እንደሚጣበቅና ለምን እንደሚጣበቅ አሳዩ። አንዱ ሳጥን ስፋቱ ልክ ሆኖ ሳለ አልገባም፤ ምክንያቱ ሲፈለግ ማዕዘኑ ዘጠና ዲግሪ አልነበረም። ማዕዘንን በስኳድራ ብቻ ሳይሆን ከጥግ እስከ ጥግ ያሉትን ሁለት ሰያፍ መስመሮች በሜትር ለክቶ እኩል መሆናቸውን በማየት ማረጋገጥ የሚቻል መሆኑን ያስተማሩን ያን ዕለት ነው። ለማጠፊያ የሚበሳውን የ35 ሚሊሜትር ክብ ጉድጓድ፣ በኤምዲኤፍ ጠርዝ ላይ ብሎን ከማስገባት በፊት ቀድሞ በቀጭን መብሻ መብሳት ግዴታ መሆኑን፣ ቺፑድ ከእቃ ማጠቢያ ገንዳ ሥር ሲገጠም የተቆረጠ ጠርዙ ሁሉ ካልታሸገ ውኃ ጠጥቶ እንደሚያብጥ፣ እነዚህን ሁሉ በጥንቃቄ ይሰጣሉ። ከሥልጠናው ወጥቶ በማግስቱ ካቢኔት የሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ በረዳትነት ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ክፍል የሚያገኘው ነገር በእርግጥ ይበቃዋል።

የቅብ ክፍሉን በተመለከተ ግን ምስጋናዬ ቁጥብ ነው። የብርጭቆ ወረቀትን በቁጥር ቅደም ተከተል ከ80 ወደ 120፣ ከዚያም ወደ 180 እና 240፣ ማለትም ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየሄዱ መፋቅ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ የቀደመው ወረቀት የተወው ጭረት መጥፋቱን ማረጋገጥ፣ ይህ በሚገባ ተሰጥቷል። ስፕሬይ የሚረጭበት ክፍል ግን አንድ ትንሽ መስኮትና አንድ ተራ ማራገቢያ ብቻ ያለው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ለሠልጣኞች የሚሰጠው ማስክም ለአቧራ የሚሆነው የጨርቅ ማስክ ነው። የጨርቅ ማስክ የቲነርን ተን አያግድም፤ ለዚያ የካርቦን ማጣሪያ ያለው የፊት መሸፈኛ ያስፈልጋል። ይህን ስጠይቅ «ለጥቂት ቀን ነው፣ ምንም አይልም» ተባልኩ። ለሠልጣኙ ለጥቂት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ይህን ዘርፍ መርጦ ለሚገባው ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን የሚተነፍሰው ነው፤ ትክክለኛውን ልማድ የሚይዘውም በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የእንጨት ብናኝ ራሱ በዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነገር በመሆኑ ጉዳዩ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። የሚያስቆጨው ነገር ቅብ በገበያው ውስጥ ጥሩ ባለሙያ ከሚጠፋባቸው ዘርፎች አንዱ መሆኑ ነው። በሠራሁበት ድርጅት ደንበኛ ከሚመልሳቸው ዕቃዎች ውስጥ የመጋጠሚያ ችግር ያለባቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚበዙት ቅባቸው የተላጠ፣ የነጠብጣብ ምልክት ያለበት ወይም ቀለሙ ከጎን ካለው ዕቃ ጋር ያልተመሳሰለ ነበር። ትዕግሥተኛ፣ ዓይኑ ቀለም የሚለይ፣ አቧራን የሚጸየፍ ጀማሪ በዚህ ዘርፍ ከካቢኔት ሠሪ ያላነሰ እንጀራ ሊበላበት ይችላል፤ ሆኖም ይህን የነገረን አሠልጣኝ አልነበረም።

የግንባታ አናጺነቱ ክፍል አጭር ነው፤ እኔም አጭር መሆኑን አልቃወምም። ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚፈስበት ቅርጽ) እንዴት እንደሚገጣጠምና እንደሚፈታ፣ ቱምቢና (ቀጥታን በተንጠልጣይ ክብደት የሚለካ ገመድ) ውኃ ልክ አያያዝ፣ የጣሪያ ማገር እንዴት እንደሚመታ በአንድ ግንባታ ላይ ታይቷል። ዘርፉ እየተለወጠ መሆኑን ግን ለሠልጣኙ በግልጽ መንገር ተገቢ ነበር። በከተማ ሕንፃዎች ላይ ጣሪያው አርኤችኤስ በሚባለው ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ መስኮቱ በአሉሚኒየም፣ የካሳፎርማው ድጋፍም በብረት እየተተካ ነው። ለእንጨት ባለሙያ የቀረው የውስጥ በር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ፓርኬና አንዳንድ የኮርኒስ ሥራ ሲሆን፣ እነዚህ ደግሞ ከሳይት አናጺ ይልቅ የወርክሾፕ ትምህርት ያለውን ሰው ይፈልጋሉ። ክፍት አየር የሚወድ፣ ቦታ እየቀያየረ መሥራት የማይከብደው፣ በቡድን ሥራ የሚደሰት ወጣት ሳይቱን ይምረጥ፤ ነገር ግን ከእንጨቱ ጎን የጂፕሰም ወይም የአሉሚኒየም ሥራ ቢጨምርበት ያዋጣዋል።

በደኅንነት ረገድ ለማሠልጠኛው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ የቅቡን ክፍል ሳይጨምር ማለቴ ነው። ሰርኩላሩ ላይ ማንም ጓንት አድርጎ እንዲቆም አይፈቀድም፤ ጓንት ከቆዳ ይልቅ ለሚሽከረከር ጥርስ የሚመች ነገር ነውና። ከመጋዙ በስተኋላ ያለው መክፈያ ቢላ ተነቅሎ አያውቅም፤ ይህ ቢላ የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ጥርሱን እንዳይጨብጥና ወደ ሠራተኛው እንዳይወረወር የሚከላከል ሲሆን፣ በብዙ ወርክሾፖች «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። ጠባብ ቁራጭ በመግፊያ እንጨት እንጂ በጣት አይገፋም። ከዚህ ሥልጠና ወጥቶ የተቀጠረ ልጅ ቀጣሪው ቢላውን ነቅሎ ቢያገኝ ለምን ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል ዕውቀት ይዟል።

ወደ ትልቁ ጉድለት ልምጣ፤ እሱም የዋጋ ስሌት ነገር ነው። በሦስቱ ወራት ውስጥ አንድ ዕቃ ስንት ብር እንደሚፈጅና በስንት መሸጥ እንዳለበት የተነገረን በአንድ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱም «የቁሳቁሱን ዋጋ በሁለት አባዙት» በሚል ደንብ ተጠቃለለ። ወርክሾፕ ከፍተው ከዘጉ ሰዎች ጋር ሒሳብ ስተሳሰብ የኖርኩ በመሆኔ ይህ አላስደሰተኝም፤ መጋጠሚያው ተከፍቶበት የከሰረ አናጺ አላየሁም፣ ዋጋ አሳስቶ የከሰረ ግን ብዙ አይቻለሁ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የኤምዲኤፍ ገበታ 122 በ244 ሳንቲሜትር ነው። መደርደሪያው 40 ሳንቲሜትር ጥልቀት ካለው፣ መጋዙ በየቁርጡ የሚበላው 3 ሚሊሜትር ታስቦም፣ ከአንድ ገበታ ስፋት ሦስት ቁራጭ ይወጣል። ደንበኛው «ትንሽ ሰፋ ይበልልኝ» ብሎ 41 ሳንቲሜትር ቢያደርገው ግን ሦስቱ ቁራጭ 123 ሳንቲሜትር ስለሚሆን ከገበታው ሁለት ብቻ ይገኛል፤ የቀረው 40 ሳንቲሜትር ያልሞላ ቁራጭ ሌላ ጥቅም ካልተገኘለት ጥግ ላይ ተደግፎ ይኖራል። በአንድ ሳንቲሜትር ምክንያት የገበታው ሲሶ ባከነ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ አርባው እንደሚበቃው ደንበኛውን አሳምኖ ይሸጥለታል፤ የማያውቀው እሺ ብሎ ይቀበልና በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ የት እንደገባ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ቀብድ የመቀበል ጉዳይ አለ። ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያና ሐዲድ በብዛት ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ውል በተፈረመበት ቀንና ዕቃ በሚገዛበት ቀን መካከል ዋጋቸው ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ በቀብዱ በዚያው ዕለት ዕቃውን መግዛት እንጂ ለቤት ኪራይ ማዋል እንደማይገባ ለጀማሪ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ማሠልጠኛው ስለዚህ ነገር ዝም ማለቱ አላማረኝም፤ በየግድግዳው ላይ «የራስዎ ቀጣሪ ይሁኑ» የሚል ጽሑፍ ለጥፏልና።

ስለ ምስክር ወረቀቱ ብዙዎች ስለሚጠይቁ ጥቂት ልበል። በሥልጠናው ፍጻሜ የሚሰጠው ወረቀት የማሠልጠኛው ነው፤ በመንግሥት የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ በምንለው፣ ብቁ መባልን አይተካም። ለምዘናው መቀመጥ የሚፈልግ ለብቻው ይመዘገባል። በመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጠው ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ 5 የተዋቀረ ነው፤ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ክፍያው ግን ከግሉ በእጅጉ ያንሳል፤ በመመሪያውም 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆንና ሠልጣኙ በድርጅቶች ውስጥ የትብብር ሥልጠና እንዲወስድ ታስቧል። ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ቤተሰብ የሚደግፈውና ጊዜ ያለው ልጅ የሦስት ወሩን ትቶ ኮሌጁን ቢመርጥ እመክረዋለሁ፤ የደረጃ ምስክር ወረቀት ኋላ ለትልቅ ድርጅት ቅጥርም ሆነ ለአሠልጣኝነት መነሻ ይሆነዋል። የግሉ ሥልጠና የሚስማማው ሌላ ሥራ ላይ ያለ፣ ዘርፉን ሳያውቅ ዓመታት ማፍሰስ የማይፈልግ ወይም ከሌላ ሙያ የሚሸጋገር ሰው ነው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ወርክሾፕ ገብቶ በረዳትነት መጀመር፣ አሁንም ድረስ አብዛኛው የአገራችን አናጺ የወጣበት ነው። ጥቅሙ ገንዘብ አለማስወጣቱ ነው፤ ጉዳቱ ልጁ የሚማረው ያ ወርክሾፕ የሚሠራውን ብቻ መሆኑ ነው። ሶፋ የሚሠራ ቤት የገባ የሶፋ ፍሬም እየመታ ዓመታት ያሳልፋል እንጂ የካቢኔት ማጠፊያ አይነካም። በመጀመሪያዎቹ ወራትም መጥረግ፣ መሸከምና የብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው ዕጣው። የዚህ ሥልጠና ብልጫ እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ማን ጋር ረዳት ሆኖ መግባት እንዳለበት መርጦ እንዲገባ ያስችለዋል።

ይህም ሆኖ ማሠልጠኛው በመጨረሻው ወር ሁሉንም ሠልጣኝ ወደ ካቢኔት ወርክሾፖች ይልካል፤ ትውውቁ ከእነዚህ ቤቶች ጋር ስለሆነ ነው። ሥራ ማግኘቱ መልካም ነው፤ ገበያውም በእርግጥ ከሁሉ ይልቅ የካቢኔትና የቁም ሳጥን ሠሪ ይፈልጋል። ሆኖም በቡድናችን ውስጥ መሮ ሲይዝ እጁ የሚፈታ፣ ጥሬ እንጨቱ ላይ ከሁላችንም የተሻለ አንድ ወጣት ነበር፤ እሱም እንደ ሌሎቹ ኤጅ ባንዲንግ ሊለጥፍ ተላከ። ለእንዲህ ያለው ልጅ የጅማን በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፍሉ፣ በገናና ክራር የሚሠሩ ወይም የቆዩ ዕቃዎችን የሚያድሱ ባለሙያዎች ዘንድ መግቢያ ቢፈለግለት ኖሮ ማሠልጠኛው በእውነት መረጠለት እንል ነበር። ገበያው ጠባብ መሆኑ አይካድም፤ በጠባቡ ገበያ ውስጥ ግን ተፎካካሪውም ጥቂት ነው። ሴት ሠልጣኞችን ሳይጠይቁ ወደ ቅብና ሶፋ ማልበስ የመመደብ ልማድም መታረም አለበት። በእኛ ዙር ሰርኩላሩ ላይ ልኳ የማይዛነፈው ሠልጣኝ ሴት ነበረች፤ እሷም ቅብ ክፍል ተመደበች፤ አቤት ብላ ግን ተመለሰች።

ክፍያው እኔ በተመዘገብኩበት ጊዜ አንድ መካከለኛ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ገበያ ላይ ከሚያወጣው ያነሰ ነበር፤ ቁሳቁሱ በዚሁ ውስጥ ይካተታል፣ የደኅንነት ጫማና የዓይን መነጽር ግን አይካተትም። ከመክፈል በፊት በሥራ ሰዓት ሄዶ ግቢውን ማየት ይገባል፤ ቢሮ ውስጥ ከሚሰጠው ማብራሪያ ይልቅ ማሽኑ አጠገብ ስንት ሠልጣኝ ተራ እንደሚጠብቅ ማየቱ ይበልጥ ይናገራል። ለጥሬ እንጨት ስንት ሳምንት እንደተመደበ፣ በመጨረሻው ወር የሚላክበትን ወርክሾፕ ሠልጣኙ ራሱ መምረጥ ይችል እንደሆነና ዋናው አሠልጣኝ የሚያስተምሩት የትኛውን ፈረቃ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ። መሣሪያ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ጥሩ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ሁለት መሮና አንድ መላጊያ ይበቃሉ፤ ድሪልና ራውተር ዘርፉ ከተለየ በኋላ ይደርሳሉ።

የማታውን ክፍል አልመክርም። ጎረቤት በድምፁ ስለሚያማርር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰርኩላሩና ፕላነሩ አይነሡም፤ የማታ ሠልጣኝ ያንኑ ክፍያ ከፍሎ ብዙውን ጊዜ ቀን የተቆረጠለትን ቁራጭ ሲገጣጥም ነው የሚያመሸው። ሥራ የሚበዛበት ሰው የቅዳሜና እሑዱን ፈረቃ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ጊዜው ወደ አምስት ወር ይረዝማል፣ ማሽኑ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።